ቁጥሩ አልንቀሳቀስ ላላችሁ

ጎንደር ሆናችሁ ኢንተርኔት ላይ ለምትጽፉ ልጆቼ፣

ጽፋችሁ ጽፋችሁ አንባቢው አንድ ቦታ ላይ ቆሞባችኋል። መጀመሪያ አካባቢ በየሳምንቱ አዲስ ሰው ይመጣ ነበር። አሁን የሚያነባችሁ ያው ሰው ነው። ልብ የምትለጥፍላችሁም ያችው አክስት ናት። ፒያሳ ቡና ይዘን ስንቀመጥ ስልካችሁን አዙራችሁ የምታሳዩኝ ይህንኑ ነው። «ጋሼ፣ ምን ይሻለናል? በየቀኑ እንጻፍ እንዴ?» ትሉኛላችሁ።

በየቀኑ አትጻፉ። ዕድሜዬን የጨረስኩት በጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ነው። ጡረታ ወጥቼ ጎንደር ከገባሁ በኋላም የእናንተን ጽሑፍ በስልኬ አነባለሁ። መጻፍስ ትችላላችሁ። ችግሩ ሌላ ነው። ዘመድ አልቆባችኋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያዎቹን አንባቢዎች ሊንክ እየላካችሁ ያመጣችኋቸው እናንተው ናችሁ። የክፍል ጓደኛ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች፣ አዘዞ ያለው የአጎት ልጅ፣ ዋሽንግተን ያለችው የእናት እህት። ይህ ወገን ቁጥር አለው። ሁሉም አንዴ ከገባ በኋላ የሚጨመር የለም። በቀን ሁለቴ ብትጽፉለት ደግሞ ይሰለቸዋል፣ ማሳወቂያውን ያጠፋዋል። ከዚህ በኋላ መምጣት ያለበት የማያውቃችሁ ሰው ነው። የማያውቃችሁ ሰው ደግሞ እናንተን ብሎ አይመጣም። ጥያቄ ይዞ ነው የሚመጣው። አዲስ አበባ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ «ጥምቀት ጎንደር አልጋ» እያለ ስልኩ ላይ ይጽፋል። የእናንተ ጽሑፍ መልሱን ከያዘ ይገባል። ካልያዘ መኖራችሁንም አያውቅም።

አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ከመካከላችሁ አንዷ፣ አጻጻፏን የምወድላት ልጅ፣ ስለ ጥምቀት ጽፋ ነበር። ርዕሱ «የማይረሳ ቀን» ይላል። የማን ቀን? የት? አይታወቅም። ቅዳሜ ገበያ ቅመሟን በጆንያ ሸፍና የተቀመጠች ነጋዴ ማለት ይህች ናት። ጽሑፉ «ከጥንት ከጠዋቱ ጀምሮ» ብሎ ይጀምራል። ጎንደር የሚለው ስም የመጣው አራተኛው አንቀጽ ላይ ነው። ወደ ታች ስወርድ ግን ወርቅ የሆነ ነገር አገኘሁ። ታቦታቱ በከተራ ከሰዓት በኋላ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ እንደሚወርዱ፣ ሕዝቡ እዚያው እንደሚያድር፣ የአፄ ፋሲል መዋኛ ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውሃ እንደሚሞላ፣ የሚካኤል ታቦት የሚመለሰው በማግስቱ ጥር 12 እንደሆነ ጽፋለች። ሰው የሚፈልገው ይህንን ነው፤ ተቀብሮ ነው እንጂ።

አብረን ተቀምጠን ገለበጥነው። ርዕሱ «ጥምቀትን ጎንደር ለማክበር፦ መቼ ልድረስ? የት ልደር?» ሆነ። የመጀመሪያው አንቀጽ ቀኑን ይናገራል። ከተራ ጥር 10፣ ጥምቀት ጥር 11፣ ቃና ዘገሊላ ጥር 12። ቀጥሎ ለዳያስፖራው በፈረንጆቹ አስቀመጥንለት። ጥምቀት ጃንዋሪ 19 ነው። ጳጉሜ 6 ቀን በሆነች ማግስት በሚገባው ዓመት ግን ጃንዋሪ 20 ይሆናል። ይህቺ መስመር ቀላል እንዳትመስላችሁ። ትኬት የሚቆርጠው ሰውዬ በአንድ ቀን ከዘገየ ደርሶ የሚያየው መመለሻውን ብቻ ነው። ከዚያ ማደሪያ መጣ። በጥምቀት ሰሞን አልጋ እንደሚጠፋ፣ ቀደም ብሎ መያዝ እንደሚሻል፣ ከፋሲል ግቢ እስከ መዋኛው ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በእግር እንደሚኬድ።

«ስሜቱስ የት ሄደ?» አለችኝ። ወደ መጨረሻው ወረደ እንጂ አልጠፋም። ሰው ጥያቄው ሲመለስለት ይረጋጋል። ያን ጊዜ የሌሊቱን ዝማሬም፣ የነጩን ልብስም ነገር ያነብላችኋል።

ሌላው ጊዜው ነው። ጽሑፏን የለጠፈችው በከተራ ዋዜማ ነበር። በዚያ ሰዓት የሚመጣው ሰው መንገድ ላይ ነው። ጉግል ደግሞ አዲስ ጽሑፍ አውቆ ወደ ላይ እስኪያወጣው ጊዜ ይፈጅበታል። የጥምቀትን ነገር በኅዳር አውጡ። የዩኒቨርሲቲ ምደባን ነገር ምደባው ሳይወጣ። የሰሜን ተራሮችን ነገር ክረምቱ ሊወጣ ሲል፤ ሰው በደባርቅ በኩል ወደ ተራሮቹ መውጣት የሚያበዛው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነውና። ዓመቱ ሲዞር ደግሞ ስለ ጥምቀት ሌላ አዲስ ጽሑፍ አትጻፉ። ያንኑ ክፈቱት፣ የተለወጠውን አስተካክሉ፣ የታደሰበትን ቀን ጻፉበት። አድራሻው አንድ ሆኖ ሲቆይ ሰውም ማሽኑም ይለምደዋል።

ቴሌግራም ላይ ብቻ የምትጽፉ ልጆች እዚህ ላይ ትጎዳላችሁ። ቴሌግራም ለትኩስ ወሬ ጥሩ ነው። የዛሬ ሳምንት የለጠፋችሁትን ግን ማን ወደ ኋላ ሄዶ ይፈልገዋል? ዓመት የሚያገለግለውን ጽሑፍ ጉግል የሚያገኘው ቦታ አስቀምጡት። ቻናላችሁ ላይ ሊንኩን ልቀቁ።

ጥያቄውን ከየት እናምጣው ትሉ ይሆናል። ጎንደር ቁጭ ብላችሁ ይህን አትጠይቁኝ። ፋሲል ግቢ በር ላይ ያሉትን አስጎብኚዎች ቡና ጋብዟቸው። ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ ሲመልሱ ነው የሚውሉት። የፔንሲዮን ባለቤቶችን ጠይቁ። የባጃጅ ሹፌሮችን ጠይቁ። ዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ ፎቶ ኮፒ የሚያነሳውን ልጅ ጠይቁት። አዲስ ተማሪ መጀመሪያ የሚጨነቀው በምን እንደሆነ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ብርድ ልብስ ልያዝ? ማራኪ፣ ቴዎድሮስ፣ ፋሲል የሚሏቸው የዩኒቨርሲቲው ግቢዎች የት የት ናቸው? የእኔ ትምህርት የሚሰጠው የትኛው ጋ ነው? ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ከተማ በምን ልግባ? ይህን የሚጠይቀው ከአርባ ምንጭ ወይም ከሐረር የተመደበ፣ ከቤቱ ርቆ የማያውቅ ልጅ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ እንደምትገኝ የሚነግረው ሞልቷል። ማታ ማታ ሹራብ እንደሚያስፈልገው ንገሩት እናንተ። እናቱም ታነበዋለች፤ ሻንጣውን የምታዘጋጀው እሷ ናትና።

የፋሲል ግቢን አጠቃላይ ታሪክ መጻፍ ግን ይቅርባችሁ፣ ለአሁኑ እንኳ። አፄ ፋሲል ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ1636 መቆርቆራቸውን፣ ግቢው እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ መመዝገቡን ያልጻፈ የለም። ውክፔዲያ ጽፎታል፣ አስጎብኚ ድርጅቱ ሁሉ ጽፎታል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያንን ከደርቡሽ አዳኑት የሚባልላቸው ንቦችም እንደዚሁ። ታሪኩን እወደዋለሁ፣ ግን ስንቴ! እነዚያን ሁሉ ገፍታችሁ ከላይ አትወጡም። ከጎን ያለውን ያዙ። ፒያሳ ላይ በየቀኑ የምናልፋቸው የጣሊያን ዘመን ሕንፃዎች አሉ። በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል የተሠሩ ናቸው። እያንዳንዳቸውን በፎቶ አስደግፎ፣ መጀመሪያ ምን ነበረ፣ አሁን ማን ይጠቀምበታል ብሎ በአማርኛ የጻፈ እኔ እስካሁን አላየሁም። ወለቃ የሸክላ ሥራ አለ፣ ያ የቀድሞው የቤተ እስራኤል መንደር። ቁስቋም አለ፣ የእቴጌ ምንትዋብ ግቢ። እዚያ ለመሄድ ባጃጁን ምን ልበለው፣ ስንት ሰዓት ይከፈታል፣ ፎቶ ማንሳት ይቻላል ወይ? ሄዳችሁ ጠይቃችሁ ጻፉት። በጥምቀቱ ጽሑፍ መጨረሻ ላይም «ጎንደር አንድ ቀን ከቀራችሁ ቁስቋምን እዩ» ብላችሁ ወደዚያኛው ምሩት። አንድ መንገድ ብቻ ስጡት። አሥር ሊንክ ከደረደራችሁለት አንዱንም አይነካው።

አሁን እንደ አሮጌ አራሚ የሚያመኝን ልናገር። ፊደል ነው። እናንተ «ሥላሴ» ብላችሁ በወጉ ጻፋችሁ። ሰው ግን ስልኩ ላይ «ስላሴ» ብሎ ይፈልጋል። ጎንደርን በ«ጐ» የሚጽፍ አለ፣ በ«ጎ» የሚጽፍ አለ። ጸሎትና ፀሎት፣ ዓመትና አመት እንደዚያው። የፍለጋ ማሽኑ ሁልጊዜ አንድ አድርጎ አያያቸውም። ስለዚህ ርዕሱ ላይ ብዙ ሰው የሚጽፈውን አድርጉ። ውስጡ ላይ አንድ ቦታ ሌላውንም አስገቡት። የቅኔ መምህር ቢሰማኝ ይቆጣል። ይቆጣ። የቦታ ስምም እንደዚሁ ጣጣ አለው። ርዕሳችሁ «ደብረ ብርሃን ሥላሴ» ብቻ ከሆነ ሰውየው ሸዋ፣ ደብረ ብርሃን ከተማ ሊያርፍ ይችላል። ጎንደርን ጨምሩበት።

ጽሑፉን ፎቶ ላይ ለጥፎ ማውጣትም ይቅር። ያምራል፣ ግን ጉግል ላይ ፈልጎ የሚያገኘው የለም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዛሬ በድሮው የኮምፒውተር ፊደል ጽፎ፣ ሌላው ሰው ሲከፍተው ትርጉም የለሽ ምልክት የሚሆንበት ልጅ ሰበብ የለውም። የፎቶውንም ክብደት ቀንሱ። አንባቢያችሁ ፓኬጅ ገዝቶ ነው የሚያነባችሁ። ገጹ እስኪከፈት ከጠበቀ በኋላ የሚያየው የፀሐይ መጥለቂያ ከሆነ አይመለስም።

ለቴሌግራም ቻናሉ ሜምበር፣ ማለትም ተከታይ፣ ስለመግዛት የሚጠይቀኝም አለ። አትግዙ። የተገዛ ሜምበር አያነብም። የቻናሉ ቁጥር ያብጣል፣ ከጽሑፉ ሥር ዓይኗ ምልክት ጎን ያለችው ቁጥር ግን ባለችበት ትቀራለች። ሁለቱን አስተያይቶ የሚስቅባችሁ ሰው አይጠፋም። ሊንክ ይዞ ሃያ ግሩፕ ላይ መበተንም ያው ነው፤ አድሚኑ ያባርራችኋል። ግሩፕ ውስጥ አንድ ሰው ሲጠይቅ ጠብቁ። መልሱን እዚያው በሁለት ሦስት መስመር ጨርሳችሁ ስጡት። ከዚያ «ዝርዝሩ እዚህ አለ» ብትሉ ማንም አይቆጣችሁም። እንዲያውም ያመሰግኗችኋል።

ቁጥር ማየት ከወደዳችሁ የሚጠቅመውን እዩ። ጉግል ሰርች ኮንሶል የሚባል ነጻ መሣሪያ አለው። ሰው ምን ብሎ ሲፈልግ የእናንተ ርዕስ ብቅ እንዳለ፣ ስንቴ ብቅ ብሎ ስንቴ እንደተነካ ያሳያል። ብዙ ጊዜ ብቅ ብሎ የሚነካው ከጠፋ አብዛኛውን ጊዜ ርዕሱ ነው የታመመው። ርዕሱን ቀይሩ፣ ጽሑፉን አትንኩ። ጭራሽ ብቅ ካላለ ወይ ጥያቄው የለም፣ ወይ ሰው የሚጽፈው በሌላ ፊደል ነው፣ ወይ ደግሞ ከእናንተ የበለጠ መልስ የሰጠ አለ። እኔ ብሆን አዲስ ነገር ከመጻፌ በፊት የቆዩትን በዚህ ዓይን አይ ነበር። አብዛኞቻችሁ ትንሽ መጠገን የሚበቃው፣ እናንተ የረሳችሁት ጽሑፍ አላችሁ።

ጎንደር ላይ ስለ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ ስለ ነገሥታት የጻፈ ሰው አራሚ አያጣም። ስልክ ይደውላሉ፣ መንገድ ላይ ያስቆሟችኋል። «ይህ እንዲህ አይደለም» የሚል አባት ሲመጣ አትከራከሩ። ከየት እንዳገኘው ጠይቁት፣ አጣሩ፣ እውነት ከሆነ አርሙ። ከሥር «በአንባቢ ጥቆማ ታርሟል» ብላችሁ ቀኑን ጻፉ። ያ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ጽሑፉን የራሱ ያደርገዋል። ለቅሶ ቤት ሳይቀር ያወራላችኋል። የመግቢያ ዋጋና የትራንስፖርት ታሪፍ ስትጽፉም ቀን አትርሱ። ዋጋ እንደሆነ አንድ ቦታ አይቆምም።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ እስከ ፋሲካ ድረስ ምንም ካልተንቀሳቀሰ ርዕሰ ጉዳዩን ቀይሩ። ጎንደሬ ሁሉ ስለ ጎንደር የመጻፍ ግዴታ የለበትም። ከመካከላችሁ የባጃጅ ሞተር ፈትቶ የሚገጥም ልጅ አለ፤ ስለ ፋሲል ሲጽፍ ነው የማየው። ባጃጅ ያለው ሰው በየከተማው ሞልቷል፣ ማታ ማታም «ባጃጅ አልነሳ አለ» እያለ ስልኩ ላይ ይፈልጋል።