ሰርቨሬ ዶሜይኑን አያውቅም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዴቢያን ሊኑክስ የጫንኩበት ሰርቨር አለኝ፤ ስሙ «አንበሳ» ነው። የራሴ ዶሜይንም አለኝ፤ ለጊዜው ኤግዛምፕል.ኮም ልበለው። የኢሜይል ሰርቨር ላቆም ስል ማሽኑ ሙሉ ስም (ከነዶሜይኑ) የለውም ተባልኩ። «ዶሜይንኔም» በሚለው ትእዛዝ ብሞላለትም ምንም አልተለወጠም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ያሳሳተዎት ትእዛዙ ነው። «ዶሜይንኔም» የዲኤንኤስ (ስሞችን ወደ አይፒ አድራሻ የሚተረጉመው ሥርዓት) ዶሜይንን አይመለከትም። ሰን ማይክሮሲስተምስ ለሠራው ኤንአይኤስ ለሚባል የቆየ የኔትወርክ ማውጫ የተሰጠ ነው። ኤንአይኤስ ካልተጠቀሙ ባዶ መሆኑ ችግር የለውም፤ የሞሉትን ያጥፉት። ይህ ስያሜ ሁሌም ያናድደኛል። ስንቱን ሰው አንከራቷል!

ሊኑክስ የዲኤንኤስ ዶሜይንዎን ለብቻው የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። አጭሩን ስም ይዞ «ሙሉ ስሜ ማነው?» ብሎ ይጠይቃል። ከሚመጣው መልስ ከመጀመሪያው ነጥብ በኋላ ያለው ዶሜይኑ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠይቀው ደግሞ ኢቲሲ ፎልደር ውስጥ ያለውን «ሆስትስ» ፋይል ነው። ስለዚህ ሥራው ያለው እዚያ ነው።

መጀመሪያ በ«ሆስትኔምሲቲኤል» አጭሩን ስም «አንበሳ» ብለው ያጽኑ። ከዚያ ሆስትስ ፋይሉን በሩት (በአስተዳዳሪ መብት) ከፍተው በ127.0.1.1 የሚጀምረውን መስመር እንዲህ ያድርጉት፦

127.0.1.1 አንበሳ.ኤግዛምፕል.ኮም አንበሳ

(በእርግጥ በላቲን ፊደል ነው የሚጽፉት።) ቋሚ አይፒ ካለዎት በ127.0.1.1 ምትክ እሱን ያስገቡ። ቅደም ተከተሉን አደራ! ሙሉው ስም ይቀድማል፣ አጭሩ ይከተላል። ከተገለበጠ ሲስተሙ አጭሩን እንደ ዋና ስም ይወስደዋል፣ ዶሜይኑም ይጠፋል። እኔ የሰው ሰርቨር ሳይ መጀመሪያ የምከፍተው ይህን መስመር ነው።

ለማረጋገጥ «ሆስትኔም» ብለው ሰረዝና ኤፍ ይጨምሩበት። ሙሉ ስሙ ከመጣ ተሳክቷል። ዶሜይኑን ብቻ ማየት ከፈለጉ «ዲኤንኤስዶሜይንኔም» አለ፤ እሱ ግን ያሳያል እንጂ አይቀይርም። ሪስታርት ካደረጉ በኋላ መስመሩ ወደ ድሮው ከተመለሰ ክላውድ-ኢኒት የሚባለውን፣ ማሽኑ ሲነሳ ቅንብሮችን በራሱ የሚያስተካክል ፕሮግራም ይጠርጥሩ። በኪራይ ቨርቹዋል ሰርቨሮች ላይ ሆስትስ ፋይሉን እንደገና የሚጽፍበት ጊዜ አለ።

የስም ፍለጋ ቅንብር በሚያዝበት «ሪዞልቭ.ኮንፍ» ፋይል ውስጥ «ሰርች» የሚል መስመር ካዩ ከዚህ ጋር አያምታቱት። እሱ ሌሎች ማሽኖችን በአጭር ስም ሲፈልጉ ከኋላ የሚቀጠለውን ነው የሚናገረው። የእርስዎን ማሽን ስም አይሰጥም።

ዶሜይን ሳይገዙ ቤት ውስጥ ለሚሞክሩም አንድ ነገር ልበል፦ «.ሎካል»ን አይጠቀሙ። ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለኤምዲኤንኤስ (በአንድ ኔትወርክ ውስጥ ያሉ ማሽኖች ያለ ዲኤንኤስ ሰርቨር በስም የሚፈላለጉበት ዘዴ) የተያዘ ነው፤ ስም ፍለጋው ይጋጭብዎታል። ለቤት ኔትወርክ በ2018 እ.ኤ.አ. የተመደበው «ሆም.አርፓ» ነው።

ለኢሜይሉ ግን ይህ ግማሹ ነው። ሆስትስ ፋይልዎን ውጭ ያሉ ሰርቨሮች አያዩትም። ዲኤንኤስ ላይ ለአንበሳ.ኤግዛምፕል.ኮም የኤ ሪከርድ (ስሙን ወደ አይፒው የሚመራ መዝገብ) ያስገቡ። አይፒውን ወደዚሁ ስም የሚመልሰውን የፒቲአር ሪከርድ ደግሞ አይፒውን የሰጠዎት ድርጅት እንዲያስተካክልልዎ ይጠይቁ።