ባሌን ከቤተሰብ ጋር፦ በአሰላ ግቡ፣ በሻሸመኔ ውጡ

እህቴ፣ የጠየቅሽው ሦስት ነገር ነው። ከጀርመን የሚመጡትን ሁለት ልጆችሽንና አዲስ አበባ ያሉትን እናትሽን ይዘሽ በታኅሣሥ፣ በአምስት ቀን ባሌ ደርሶ መመለስ ይቻላል ወይ? በአሰላ ይሻላል በሻሸመኔ? ከፍታውስ እናትሽን አይጎዳም? እኛ ልጆቹንና አማቴን ጭነን በዚያ መንገድ ስለተመላለስን የማውቀውን ልንገርሽ።

ከመጨረሻው ልጀምር። እኔ ብሆን ከእናትሽ ይልቅ የምሰጋው ለልጆቹ ነው። እናትሽ አዲስ አበባ፣ 2,400 ሜትር ግድም ላይ ስለሚኖሩ ሰውነታቸው ቀጭኑን አየር ለምዶታል። ደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ካለባቸው ሐኪማቸው ይወስን፤ ጤነኛ ከሆኑ ግን ልጆቹን እሳቸው ናቸው የሚደግፉት። ልጆቹ የሚኖሩት ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ በማይል ከተማ ከሆነ፣ ከአውሮፕላን በወረዱ በማግስቱ ሳነቲ (የባሌ ተራሮች አናት ሜዳ) ላይ ማውጣት ራስ ምታትና ትውከት መጥራት ነው። እዚያው ሳነቲ ላይ ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ 4,377 ሜትር ነው፤ እዚያ የሚተነፈሰው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው 60 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሦስት አራት ቀን አያታቸው ቤት ይክረሙ። ተራራው ላይ ራስ ምታቱ ከጸና ክኒን ውጦ መቀመጥ አይበቃም፣ መውረድ ነው።

መንገዱን በተመለከተ፦ በአሰላ ግቡ፣ በሻሸመኔ ውጡ። ብዙ ሰው ለፍጥነት ሲል በሻሸመኔ ደርሶ በዚያው ይመለሳል፤ ግማሹን ውበት ሳያይ ቀረ ማለት ነው። በፍጥነት መንገዱ አዳማ ደርሳችሁ ወደ አዋሽ መልካሳ ስትወርዱ ሙቀቱ ያስታውቃችኋል። አዋሽን ከተሻገራችሁ በኋላ በዴራና በኢተያ በኩል ሽቅብ ነው፣ አሰላ ስትደርሱ ልጆቹ ሹራብ ይጠይቃሉ። ከአሰላ ወዲያ ጭላሎ በስተግራ እያጀባችሁ ሳጉሬን አልፋችሁ በቆጂ ትገባላችሁ። ልጆቹ ሩጫ የሚወዱ ከሆነ እዚያ አውርጃቸው፤ ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ የወጡበት አገር ነው። አየሩን ቀምሰው ትንሽ ይሩጡ (ትንፋሻቸው የት ድረስ እንደሚሄድ ያኔ ታያለሽ፣ ለሳነቲም መለኪያ ይሆንሻል)። በታኅሣሥ የአሳሳ የስንዴ ማሳ ላይ ኮምባይነሮች ሲያጭዱ ልትደርሱ ትችላላችሁ። ከዚያ ዋቢ ሸበሌን ትሻገራላችሁ። ወንዙ እዚህ ገና ልጅ ነው፤ ሶማሊያ ድረስ የሚሄደው ያው ውሃ ነው ብትያቸው ግን ካርታ ያስወጡሻል።

የመጀመሪያውን ሌሊት ዶዶላ እደሩ። በማግስቱ በአዳባ በኩል ወደ ዲንሾ ስትቃረቡ ጋይሳይ ሜዳ ላይ መኪናውን አዝግሙ። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም፣ እዚያ ግን ከአስፋልቱ ዳር ሆናችሁ ታዩታላችሁ፤ ከርከሮውም አይጠፋም። የፓርኩን መግቢያ ዲንሾ ትከፍላላችሁ። ሌሊቱን ግን እዚያ አትደሩ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ብርዱ ለልጅም ለእናትም ከባድ ነው። ሮቤ ወይም ጎባ ዝቅ ይላሉ፣ እንቅልፍም ይወስዳል።

ሦስተኛውን ቀን ሙሉውን ለሳነቲ ስጡት። ከጎባ በጠዋት ተነሱ። ጽዱና ኮሶው ያልቅና አስታው ይመጣል፣ እሱም ያልቅና ጅብራ ብቻ የቆመበት ሜዳ ላይ ትወጣላችሁ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከ500 በታች ነው የቀረው፣ ከግማሽ በላዩም ያለው ባሌ ነው። የሚያድነው ፍልፈልና አይጥ ቀን ቀን ስለሚወጣ እሱም ቀን ይታያል፤ ለዚህ ነው በልጅ ዓይን እንኳ የማይጠፋው። ከመንገድ አትውጡ፣ ምግብም አትወርውሩለት።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። አብዛኛው ሰው ቱሉ ዲምቱ ላይ ፎቶ ተነስቶ ወደ ጎባ ይመለሳል። እናንተ ወዲያው አትመለሱ፣ መጀመሪያ ወደ ሐረና ጫካ ውረዱ፤ ጎባ ሳይመሽ ትመለሳላችሁ። ሜዳው ድንገት ያልቅና መንገዱ በጥምዝምዝ ወደ ደመና ውስጥ ይገባል፤ አስታው ከቅርንጫፉ የሚንጠለጠል ሽበት የመሰለ ነገር ተከናንቦ ይቆማል፣ ቀጥሎ ሪራ መንደር፣ ቀርከሃ፣ ከዚያም ሰማይ የሚጋርድ ጫካ። ራስ ምታት የነበረበት ልጅ ሪራ ሲደርስ እርቦኛል ይላል። ዛፍ ላይ የተሰቀለውን ቀፎ አሳዪያቸው፣ የሐረናን የጫካ ቡናና ማር ለእናትሽ ግዢላቸው፤ አማቴ እስከ ዛሬ የምታወራው ስለ ቀበሮው ሳይሆን ስለዚያ ቡና ነው። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ውረዱ፣ ፍሬን ላይ አትተኙ። እኛ ስንሄድ ከጎባ ወዲያ ጠጠር ነበር፤ ስለዚህ ከፍ ያለ መኪና ተከራዪ፣ ትርፍ ጎማውንም ነፍቶ ማየት አይርሳ። ነዳጅ ሮቤ ላይ ይሞላ።

ሶፍ ዑመርን ጠይቀሻል። ወይብ ወንዝ ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፍበት ዋሻ ነው፣ የሚያስደንቅ ነው፤ በአምስት ቀን ግን አላስገባውም። ከሮቤ ደርሶ መልስ አንድ ሙሉ ቀን ይበላል፣ ቆላ ነው፣ ውስጡም እርጥብ ድንጋይ ላይ መራመድና ውሃ መሻገር አለበት። ስድስተኛ ቀን ካገኘሽ ሂዱ፣ እናትሽ ግን ሮቤ ይረፉ።

አራተኛውን ቀን ጎባ ላይ ዘና በሉ። በአምስተኛው በዶዶላ፣ በኮፈሌና በሻሸመኔ ተመለሱ። ባቱ (ዝዋይ) ሐይቅ ዳር ልጆቹ ዓሣ ይበላሉ። እናትሽ የነቢያትን ጾም ስለሚጾሙ (ዓሣ ካልበሉ) በየከተማው ሽሮ ይገኛል፣ ከእሱ ሌላ ግን ብዙ አትጠብቂ፤ ዳቦ ቆሎና በሶ ከቤት ያዙ። ለልጆቹ አሰላ ላይ ጭኮ ግዢ፣ ቅቤ ስላለው ለእናትሽ አይሆንም። ጋቢ ለሁሉም፣ ኮፍያና የከንፈር ቅባትም ጭምር፤ የሳነቲ ፀሐይ ከብርዱ ጋር ሆና ታቃጥላለች።

በጨለማ አትንዱ። አርሲና ባሌ ፈረሰኛው፣ ጋሪውና ከብቱ ሁሉ መንገድ ላይ ነው፣ መብራት የለውም። ከመነሳትሽ በፊት ደግሞ በዚያው ሳምንት ያለፈ ሰው ፈልገሽ፣ ወይም የምታርፉበት ሆቴል ደውለሽ፣ የመንገዱን ጸጥታ ጠይቂ። ደህና አይደለም ካሉሽ ከአሰላና ከበቆጂ ተመለሺና ቀሪውን ቀን ባቱና ላንጋኖ አሳልፉት።