መልስ፦ 13 ቡድን ላለው የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ዕጣ አወጣጥ

ወንድሜ፣ ጅማ ላይ 13 የሰፈር ቡድን ይዘን ጥሎ ማለፉን እንዴት እናውጣው ላልከው፦ በእጥፍ ከሚሄዱት ቁጥሮች (2፣ 4፣ 8፣ 16) ከ13 በላይ ያለውን 16 ያዝና 13 ቀንስበት፤ 3 ይቀራል። ሦስት ቡድኖች የመጀመሪያውን ዙር ሳይጫወቱ ያልፋሉ፤ አራፊ የምንላቸው እነሱን ነው። የቀሩት 10 ቡድኖች 5 ጨዋታ ያደርጋሉ፤ 5ቱ አሸናፊዎች ከ3ቱ ጋር 8 ሆነው ሩብ ፍጻሜ ይገባሉ። ጠቅላላ 12 ጨዋታ ነው፤ የደረጃ (የሦስተኛነት) ጨዋታ ካለ 13።

ብዙ ውድድር የሚበላሸው አራፊ ቡድን በየዙሩ ሲወጣ ነው። 13ቱን ዝም ብለህ ብታጣምር 6 ጨዋታና 1 አራፊ፣ ቀጥሎ ከ7ቱ ደግሞ 1 አራፊ ይኖራል፤ ዕጣው ሁለቴ አንዱ ላይ ከወደቀ ያ ቡድን ኳስ ሳይነካ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ ማለት ነው። ጭቅጭቁ አያልቅም! ስለዚህ ሦስቱን አራፊዎች መጀመሪያ ላይ፣ ተወካዮች ባሉበት በዕጣ ለዩ። እስከ ፍጻሜ ያለውን መንገድም ያኔውኑ ወረቀት ላይ አስፍሩ።

ደንቡ ከዕጣው በፊት ይፈረም። እኩል ከወጡ በቀጥታ መለያ ምት ቢሆን ይሻላል፤ 30 ደቂቃ ጭማሪ ቀጣዩን ጨዋታ ያዘገያል። መለያ ምቱን የሚመቱት ጨዋታው ሲያልቅ ሜዳ ላይ የነበሩት ናቸው። አንዱ ቡድን ሰው ከጎደለበት ሌላውም ቁጥሩን ቀንሶ ማስተካከል ይችላል፤ ይህን ዳኛው አስቀድሞ ለአምበሎቹ ይንገር።

ክረምት ላይ ከሆነ ጠዋት 2:00 ጀምሩ። በዝናብ የተቋረጠ ጨዋታ ደንቡ ሌላ ካላለ እንደገና ከዜሮ ይጀመራል፤ ከቆመበት ደቂቃ እንዲቀጥል ከፈለጋችሁ ጻፉት።