ጠያቂና መላሽ፦ ፕሬዝዳንቱ ይበልጣል ወይስ ዳኛው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ስቴት፣ አሌክሳንድሪያ ነው፤ ታክሲ ስለምነዳ ቀኑን ሙሉ ዜና እሰማለሁ። ፕሬዝዳንቱ አንድ ትእዛዝ ይፈርማል፤ ትንሽ ቆይቶ ስሙን ሰምቼው የማላውቅ ዳኛ ያግደዋል። ፕሬዝዳንቱን ሕዝብ መርጦታል። ዳኛውን ግን ማን መረጠው? ከሁለቱስ የበላዩ ማነው? የዜግነት ፈተና ስላለብኝ መልሱን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንም ንገረኝ። — ብ.

መልስ፦ ወንድሜ፣ ምክንያቱን በመጠየቅህ ደስ ብሎኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ለፈተናው የሚዘጋጁ ወገኖቻችንን ሳስተምር ብዙዎቹ የሚፈልጉት መልሱን ብቻ ነው።

አንዱ የሌላው አለቃ አይደለም። ፕሬዝዳንቱም ዳኛውም ሥራ ሲጀምሩ ይምላሉ፤ የሚምሉትም ለሕገ መንግሥቱ ነው። በ1787 ፊላደልፊያ ላይ የተጻፈው ይህ ሰነድ ሥልጣንን ሦስት ቦታ ከፍሎታል። ኮንግረስ ሕግ ያወጣል፣ ፕሬዝዳንቱ ያስፈጽማል፣ ፍርድ ቤት ይተረጉማል። ይህን ፈተናው ላይ ልትጠየቅ ትችላለህ። እንዴት እንደሚሠራ ግን በ1952 የሆነውን ብነግርህ ይሻላል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የኮሪያ ጦርነት ጊዜ ነው። የኛ ቃኘው ሻለቃም እዚያው እየተዋጋ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የብረት ፋብሪካ ሠራተኞች በደመወዝ ጉዳይ አድማ ሊመቱ ተነሡ። ፕሬዝዳንት ትሩማን ብረት ከቆመ የጦር መሣሪያ ማምረትም ይቆማል ብለው ሰጉ። ስለዚህ ኤፕሪል 8 ቀን የንግድ ሚኒስትራቸው ፋብሪካዎቹን በመንግሥት ስም እንዲረከብ አዘዙ። ባለቤቶቹ ወዲያው ከሰሱ። ጉዳዩ የደረሰው ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ለሚሠሩ ዴቪድ ፓይን ለሚባሉ የዲስትሪክት ዳኛ (የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ) ነው። አንተ ዜና ላይ እንደምትሰማቸው ዓይነት ዳኛ ማለት ነው። ዳኛው ኤፕሪል 29 ቀን ፕሬዝዳንቱ ይህን የማድረግ ሥልጣን የላቸውም ብለው ትእዛዙን አገዱ።

ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዘጠኙንም ዳኞች የሾሟቸው ትሩማንና ከእሳቸው በፊት የነበሩት የዚያው ፓርቲ ፕሬዝዳንት ሩዝቬልት ናቸው። ዳኞቹ ያዳሏቸዋል ብሎ የጠበቀ ሰው አይፈረድበትም። ጁን 2 ቀን ግን 6 ለ3 ፈረዱባቸው። ትሩማን ራሳቸው ከሾሟቸው አራት ዳኞች ሁለቱ ከፈረዱባቸው መካከል ናቸው። ምክንያታቸው፣ የግል ንብረት ለመውሰድ ሕግ ያስፈልጋል፤ ሕግ የሚያወጣው ኮንግረስ ነው፤ ኮንግረስ ደግሞ ይህን ሥልጣን ለፕሬዝዳንቱ አልሰጠም የሚል ነበር።

ትሩማን በጣም ተናደዱ። ግን በዚያው ቀን ፋብሪካዎቹ ለባለቤቶቻቸው እንዲመለሱ አደረጉ። ሠራተኞቹም አድማውን መቱ።

እስቲ አስበው። የጦር ኃይሉ ጠቅላይ አዛዥ እሳቸው ናቸው። ዳኞቹ በእጃቸው ያለው የፈረሙት ወረቀት ብቻ ነው። አገሪቱም ጦርነት ላይ ነች። ያም ሆኖ ወረቀቱ ተከበረ። ይህን አገር ከምወድባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ሲሸረሸር ሳይም የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው። ፈተናው ላይ የሕግ የበላይነት ምንድን ነው ብለው ቢጠይቁህ፣ ማንም ከሕግ በላይ አይደለም ብለህ መልስ። ስትመልስ ትሩማንን አስታውስ።

ዳኛውን ማን መረጠው ላልከው፣ እውነትህን ነው፣ ሕዝብ አልመረጠውም። ፕሬዝዳንት ያጨዋል፣ ሴኔት ያጸድቀዋል። ከዚያ በኋላ ጥፋት ካልተገኘበት ዕድሜ ልኩን ይሠራል፤ ደመወዙን እንኳ ሊቀንሱበት አይችሉም። ሆን ተብሎ ነው እንዲህ የተደረገ። ለድምፅ የሚሽቀዳደም ዳኛ፣ ደጋፊ በሌለው ሰው ላይ ለመፍረድ አያመነታም። እኔና አንተ ደግሞ እዚህ አገር ብዙ ደጋፊ ያለን ሰዎች አይደለንም።

ዳኞች አይሳሳቱም ማለቴ ግን አይደለም። በ1857 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ድሬድ ስኮት በተባለ በባርነት የተያዘ ሰው ክስ ላይ፣ ጥቁር ሰው የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም ብሎ ፈርዷል። ያን ፍርድ ለመሻር የእርስ በርስ ጦርነትና የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አስፈልጓል። በ1868 የጸደቀው 14ኛው ማሻሻያ፣ እዚህ አገር የተወለደም ሆነ በሕግ ዜግነት የተሰጠው ሰው ዜጋ ነው ይላል። አንተም ምለህ ወረቀትህን ስትቀበል የምትቆመው በዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። እባክህ አንዴ አንብበው።

አንድ ልጨምር። ጁን 2025 ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የዲስትሪክት ዳኞችን ሥልጣን ጠበብ አድርጎታል። አንድ ዳኛ የሚሰጠው እግድ በመርህ ደረጃ የከሰሱትን ሰዎች ለመጠበቅ ከሚያስፈልገው በላይ መሄድ የለበትም ብሏል። ብዙ ሰዎች በጋራ የሚከሱበት መንገድ ግን አልተዘጋም። ስለዚህ እግድ የሚል ዜና ስትሰማ፣ የታገደው ለማን ነው ብለህ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እናቴ 67 ዓመቷ ነው፤ ግሪን ካርድ ካገኘች 22 ዓመት ሆኗታል። እንግሊዝኛ ስለማትችል ዜግነት አይገባኝም ብላ ተቀምጣለች። ደግሞ ሰው 435፣ 100፣ 27 እያለ ቁጥር ሲያስጠናት ግራ ይገባታል። ምን ላድርግ? — ልጇ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ እህቴ፣ ለእናትሽ ዛሬውኑ ንገሪያቸው፤ እንግሊዝኛ አይጠየቁም። 65 ዓመት የሞላው፣ ቢያንስ 20 ዓመትም ግሪን ካርድ ይዞ የኖረ ሰው በራሱ ቋንቋ ይፈተናል። እናትሽ በአማርኛ ይመልሳሉ ማለት ነው። ሁለቱንም ቋንቋ አጥርቶ የሚያውቅ አስተርጓሚ ይዘው ይሂዱ።

ጥያቄውም ይቀልላቸዋል። ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 ጀምሮ የሚያመለክት ሌላ ሰው 128 ጥያቄ ያጠናል፤ እስከ 20 ተጠይቆ 12 መመለስ አለበት። እናትሽ የሚያጠኑት ለአዛውንቶች ተብለው የተለዩትን 20 ጥያቄዎች ብቻ ነው። አሥር ይጠየቃሉ፤ ስድስት ከመለሱ አለፉ። በመጀመሪያው ባይሳካላቸው ሁለተኛ ዕድል አላቸው።

ቁጥሮቹን በባዶው አታስጠኛቸው። እኔ ክፍል ውስጥ መጀመሪያ ጠቡን ነው የምነግራቸው። በ1787 ትልልቆቹ ስቴቶች ውክልና በሕዝብ ብዛት ይሁን አሉ። ትንንሾቹ እንዋጣለን ብለው እምቢ አሉ። ሊበተኑ ሲሉ ሁለት ምክር ቤት እናቋቁም ብለው ታረቁ። በአንደኛው፣ በሴኔት፣ ሁሉም እኩል ነው፦ ለያንዳንዱ ስቴት ሁለት፣ በ50 ስቴት 100 ሴናተር። በሌላኛው፣ በተወካዮች ምክር ቤት፣ ሰው የበዛበት ብዙ ይልካል፦ ካሊፎርኒያ 52፣ የእናንተ ሜሪላንድ 8፣ ዋዮሚንግ 1፤ ጠቅላላው 435። እናቶቻችን ሽምግልና ያውቃሉ። ጠቡንና እርቁን ከሰሙ ቁጥሩ አይጠፋቸውም። 27 ደግሞ ሕገ መንግሥቱ እስከ ዛሬ የተሻሻለበት ቁጥር ነው።

ጥያቄ፦ ዲሲ ነው የምኖረው። የፈተናው ደብተር የስቴትህን ሴናተር ስም ጥቀስ ይላል። ብፈልግ ብፈልግ ላገኝ አልቻልኩም። — ተ.

መልስ፦ ያላገኙት ስለሌለ ነው። ዲሲ ስቴት ስላልሆነች ሴናተር የላትም። ፈተናው ላይም ዲሲ ሴናተር የላትም ብለው ይመልሱ፤ ትክክል ነው።

በተወካዮች ምክር ቤት አንድ ልዑክ አላት። ልዑኳ ንግግር ማድረግና ኮሚቴ ውስጥ መሥራት ትችላለች። ሕግ ሲጸድቅ ግን በመጨረሻው ድምፅ አትቆጠርም። ፕሬዝዳንት ለመምረጥም ቢሆን የዲሲ ሰው የተፈቀደለት በ1961 በጸደቀው 23ኛው ማሻሻያ ነው፤ ፕሬዝዳንቱን በይፋ ከሚመርጡት ወኪል መራጮች (ኢሌክተሮች) 3 አላት።

የመኪናዎን ታርጋ ያንብቡት። ያለ ውክልና ግብር ስለ መክፈል የተጻፈው ነገር ይኸው ቅሬታ ነው። እኔ ቅሬታው ትክክል ነው ባይ ነኝ። ግብር እየከፈለ፣ ልጁን ወታደር ቤት እየላከ፣ ሕግ በሚወጣበት ቤት ድምፅ የሌለው ሰው መኖር የለበትም። ዜግነትዎን እንዳገኙ ለመራጭነት ይመዝገቡ። ለከንቲባውና ለከተማው ምክር ቤት የሚሰጡት ድምፅ ሙሉ ድምፅ ነው።