የብሮራ ውስኪ ፋብሪካ ለምን ተዘጋ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ስለ ስኮትላንድ ውስኪ ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ውስጥ ብዙዎቹ ስለ ብሮራ ናቸው። ብሮራ በሰሜን ስኮትላንድ፣ በሰዘርላንድ የባሕር ዳርቻ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በስሟ የሚጠራው ፋብሪካ በ1983 ተዘግቶ 38 ዓመት ቆይቶ በ2021 እንደገና ተከፍቷል። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ውስኪው በጣም ጥሩ ከነበረ ለምን ተዘጋ? ጥሩ ፋብሪካ ማን ይዘጋል?»

ከጥራቱ ጋር የተያያዘ ነገር የለም። የዘጋው ሂሳብ ነው።

የውስኪ ሥራ ከባዱ ነገር የወደፊቱን ገበያ መገመቱ ነው። ዛሬ የተጣራው መጠጥ በስኮትላንድ ሕግ ውስኪ ለመባል ቢያንስ 3 ዓመት በኦክ እንጨት በርሜል መቆየት አለበት። ጥሩ የሚባለው ደግሞ 10 እና 12 ዓመት፣ ከዚያም በላይ ይቆያል። ስለዚህ ፋብሪካው ዛሬ የሚያመርተው ከ10 ዓመት በኋላ ለሚመጣ ጠጪ ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ገበያው እንዲሁ እያደገ የሚቀጥል መስሏቸው አምራቾቹ ያለ ልክ አመረቱ። ከዚያ የነዳጅ ዋጋ ናረ፣ ኢኮኖሚው ተዳከመ፣ ብዙ ወጣት ጠጪ ወደ ቮድካና ወይን ዞረ። መጋዘኖቹ ግን ሞልተዋል።

የብሮራ ባለቤት ዲስቲለርስ ካምፓኒ ሊሚትድ የሚባል ትልቅ ድርጅት ነበር። በ1983 ብዙ ፋብሪካዎቹን በአንድ ዓመት ዘጋ። ፖርት ኤለን፣ ዳላስ ዱ እና ሴንት ማግደሊን ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ዳላስ ዱ በኋላ ሙዚየም ሆነ፣ ሴንት ማግደሊን የመኖሪያ አፓርታማ። ብሮራ ሁለት ማጣሪያ፣ ማለትም መጠጡ እየተፈላ የሚጣራበት ትልቅ የመዳብ ጋን፣ ብቻ ያለው አሮጌ ፋብሪካ ነበር። የዚያው ድርጅት የሆነ ባለ ስድስት ማጣሪያ አዲስ ፋብሪካ ደግሞ እዚያው አጠገቡ ቆሟል። የትኛው ይዘጋ ሲባል መልሱ ቀላል ነበር። በዚያ ላይ ብሮራን በስሙ ጠርቶ የሚገዛ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ምርቱ ከሌሎች ጋር ተደባልቆ ነበር የሚሸጠው።

«አጠገቡ ያለው ክላይንሊሽ ነው አይደል? ሁለቱ ምን ያገናኛቸዋል?»

በ1819 የተሠራው አሮጌው ፋብሪካ የመጀመሪያ ስሙ ክላይንሊሽ ነበር። በ1967 አጠገቡ አዲስ ተሠራና ስሙን ወሰደ። አሮጌው በ1968 ተዘጋ። ብዙም ሳይቆይ ግን በ1969 እንደገና ተከፈተ፣ ብሮራ የሚለውንም ስም ያገኘው በዚህ ጊዜ ነው።

የተከፈተበት ምክንያት ጭስ ነው። ብቅል ምን እንደሆነ ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም። የስኮትላንድ ሰዎች የገብሱን ብቅል ሲያደርቁ አንዳንዴ ፒት ያነዳሉ። ፒት ረግረግ ውስጥ ለሺህ ዓመታት የተከማቸ የተክል ብስባሽ ነው፤ እየተቆረጠ ወጥቶ ሲደርቅ ይነዳል። ጭሱ ብቅሉ ውስጥ ይገባና እስከ ብርጭቆው ድረስ ይዘልቃል። በዚህ ጭስ የታወቀው አይላ የምትባለው ደሴት ውስኪ ነው። በዚያን ጊዜ ለድብልቅ የሚሆን የአይላ ውስኪ አጠረ። ጉድለቱን እንዲሞላ ለብሮራ ጭስ የበዛበት ብቅል ተሰጠው። ከ1969 እስከ 1973 የተጣራው ዛሬ ሰው አጥብቆ የሚፈልገው ነው። የሌላ ቦታ ጉድለት መሙያ ተብሎ የተሠራ መጠጥ እንዲህ መከበሩ እኔን ሁሌም ይገርመኛል።

«ፋብሪካው ገበሬዎችን ያፈናቀለ ባላባት ነው የሠራው ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?»

እውነት ነው፤ ይህን ስለጠየቁኝም አመሰግናለሁ።

ያሠራው የስታፎርድ ማርኪስ ነው፣ በኋላ የመጀመሪያው የሰዘርላንድ መስፍን የተባለው። ሚስቱ ኤልሳቤጥ የሰዘርላንድን ሰፊ ርስት በውርስ የያዘች ባላባት ነበረች። በ1810ዎቹ የርስቱ አስተዳዳሪዎች በሸለቆዎቹ ውስጥ ለትውልድ የኖሩ ጭሰኞችን በሺህ እየቆጠሩ አስለቀቁ። መሬቱ ለበግ እርባታ ተፈለገ። በግ ከሰው ይልቅ ብዙ ኪራይ ያስገኝ ነበር። ሰዎቹ ተመልሰው እንዳይገቡ የቤቶቻቸው ጣሪያ ይፈርስ ወይም ይቃጠል ነበር። ከአስለቃቂዎቹ አንዱ ፓትሪክ ሴላር በ1816 የሰው ሕይወት እንዲጠፋ በማድረግ ተከሶ ፍርድ ቤት ቀረበ፣ ነፃም ወጣ።

የተፈናቀሉት በባሕሩ ዳርቻ ጠባብ መሬት ተሰጣቸውና ዓሣ አጥምዱ፣ እረሱ ተባሉ። የ1819ኙ ፋብሪካ የዚህ እቅድ አካል ነው። የሚያመርቱትን ገብስ ይገዛል፣ በድብቅ የሚያወጡትንም አረቄ ያስቀራል ተብሎ ታሰበ። ማሞቂያው ብሮራ ውስጥ የሚወጣው የድንጋይ ከሰል ነበር።

የመስፍኑ ትልቅ ሐውልት ዛሬም በአቅራቢያዋ ጎልስፒ ከተማ በላይ ካለው ተራራ ራስ ላይ ቆሟል። ይፍረስ የሚሉ አሉ፣ ታሪክ ነው ይቆይ የሚሉም አሉ። እኔ የምለው፣ «በ1819 ተመሠረተ» ብሎ የሚኮራ ሁሉ ገብሱን ማን እንዳመረተውም ይናገር።

«አባቴ በ1970ዎቹ ከውጭ ያመጡት ያልተከፈተ ውስኪ አለን። አሁን 50 ዓመት የቆየ ውስኪ ሆነ ማለት ነው?»

አይደለም። ውስኪ የሚያረጀው በርሜል ውስጥ ብቻ ነው። ጠርሙስ ውስጥ ከገባ በኋላ ዕድሜው አይጨምርም። 12 ዓመት ሆኖ ከታሸገ ዛሬም የ12 ዓመት ነው። ጠርሙሱን ቀጥ አድርገው ያቁሙት፣ ፀሐይ አያግኘው።

«ለአንድ ጠርሙስ በሺህ የሚቆጠር ፓውንድ? ይገባዋል?»

በ2014 የወጣው በ1972 የተጣራ የ40 ዓመት ብሮራ 160 ጠርሙስ ብቻ ነበር። አንዱ 6,995 ፓውንድ ተባለ። ፋብሪካው ስለተዘጋ የሚተካ ምርት አልነበረም። የቀረውም በርሜል ውስጥ እያለ በየዓመቱ 2 በመቶ ገደማ ይተናል። ሰው የሚከፍለው በአብዛኛው ለዚህ እጥረት ነው። ጣዕሙ ድንቅ ነው፣ ግን ዋጋውን በጣዕም ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ማወቅ ለፈለገ ሰው ክላይንሊሽን እመክራለሁ። ውሃው ከዚያው ጅረት ነው፣ ዋጋውም የሰው ዋጋ ነው።

«ተከፈተ የሚባለውስ? ያው የድሮው ነው?»

ዛሬ ባለቤቱ ዲያጂዮ የተባለው የመጠጥ ኩባንያ ነው። በ2017 እንደሚከፍተው አስታወቀ፣ በግንቦት 2021 ሥራ ጀመረ። ሁለቱን የድሮ የመዳብ ማጣሪያዎች አሳድሶ መለሳቸው። ማጣሪያ ቤቱ ሊወድቅ ደርሶ ስለነበር ፈርሶ በራሱ ድንጋዮች እንደገና ተገነባ።

እኔን ከሁሉም በላይ የነካኝ የአንድ አባትና ልጅ ነገር ነው። አባትየው በ1983 የፋብሪካው የኤክሳይዝ ግብር ተቆጣጣሪ ነበሩ። በሩ ሲዘጋ መዝገቡ ላይ፣ ርዝመቱ ያልተወሰነ የእረፍት ወቅት ተጀመረ ብለው ጻፉ። ተዘግቷል አላሉም። ፋብሪካው ሲከፈት ዋና የውስኪ አጣሪ ሆኖ የተሾመው ልጃቸው ነው።

ጣዕሙ ያው ይሁን አይሁን በርሜሉ ነው የሚፈርደው። ስመ ጥር የሆኑት የብሮራ ጠርሙሶች ብዙዎቹ 30 ዓመትና ከዚያ በላይ የቆዩ ናቸው። በ2021 የተጣራው 30 ዓመት የሚሞላው በ2051 ነው።