ሁለት ጊዜ «ለ»

ጥያቄ፦ የተከበሩ መምህር፣ ዋድላ ቅኔ የምቆጥር ተማሪ ነኝ። የግዕዙን ቃል በላቲን የሚፈታውን የዲልማንን መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ አንድ ቦታ «ሉዲብሪዩም»፣ ሌላ ቦታ «ሉዲብሪዮ» የሚል አገኘሁ። ፌዝ ማለት ነው አሉኝ። መልኩ ለምን ይለዋወጣል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በ1865 እ.ኤ.አ. ላይፕዚግ የታተመ መጽሐፍ ዛሬም ዋድላ ላይ ጥያቄ ማስነሣቱ እዚህ ደሴ ተቀምጬ ልቤን ሞላው።

ቃሉ ስም ነው፤ «ሉዱስ» ማለትም ጨዋታ ከሚለው የወጣ። ፌዙን ብቻ ሳይሆን የሚፌዝበትንም ሰው ይጠራል። መቀመጫ የሚቀመጡበት እንደሆነ ሁሉ መሳለቂያም የሚሳለቁበት ነውና፣ «መሳለቂያ» ብለህ ፍታው። ጾታው ወንዴም ሴቴም ስላልሆነ ባለቤትም ተሳቢም ሲሆን «ሉዲብሪዩም» እንዳለ ይቆያል። ሲበዛ «ሉዲብሪያ» ይሆናል፤ ዕብራውያን 11፥36 ላይ አማርኛው «መዘበቻ» የሚለውን የላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ በዚሁ ይለዋል።

«ሉዲብሪዮ» ግን «ለ»ን በሆዱ ይዟል። «ሆሚኒቡስ ሉዲብሪዮ ኤስት» ቃል በቃል «ለሰዎች ለመሳለቂያ ነው» ማለት ነው። እኛ «ለሰው መሳለቂያ ሆነ» ብለን አንዱን «ለ» እንተወዋለን፤ ላቲን ሁለቱንም ይጠብቃል። አንዱ ለማን እንደሆነ፣ ሌላው ለምን እንደዋለ ይናገራል።

ይህን ሰዋስው የተረዳሁት ላቲን ከመማሬ በፊት ነው። 7ኛ ክፍል ሳለሁ አንድ መምህር ስለ ገበያ የጻፍኩትን ድርሰት ከደብተሬ ላይ ጮክ ብሎ አነበበው፤ ስሕተት ባገኘ ቁጥር ቆም ይላል፣ ክፍሉ ይስቃል። እርሱ አንድም ጊዜ አልሳቀም። ለልጆቹ፣ ለሳቅ ሰጠኝ። ደብተሩን ሲመልስልኝ ጠርዙ በላቤ ርሶ እጄ ላይ ተጣበቀ። ሮማውያን ልጆች ፊደል የሚቆጥሩበትን ቤትም «ሉዱስ» ይሉት እንደነበር ኋላ ሳነብ መጽሐፉን አጥፌ ብዙ ተቀመጥኩ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፤ «በ» የሚያሰማውም መልክ ያው «ሉዲብሪዮ» ነው። የሚለይልህ ግሡ ነው። «ኤሴ»፣ መሆን፣ ወይም «ሀቤሬ»፣ መያዝ፣ አብሮት ካለ «ለ» ብለህ ፍታ፤ «ሉዲብሪዮ ሀቤሬ» ሰውን መሳለቂያ ማድረግ ነው። «ኤሴ» ካለ ደግሞ ሁለተኛውን «ለ» አካባቢው ፈልገው፤ የሚስቁት ሰዎች እዚያ ናቸው።