ቡችላዬን ሰጥቻለሁ፤ ነገ ሰው ቢነክስ በእኔ ይመጣብኛል?

ጥያቄ፦ የባሕር ዳር ሽምብጥ ነዋሪ ነኝ። ውሻዬ ስድስት ቡችሎች ወለደች። አምስት ሳምንት ሲሞላቸው ሦስቱን ሸጥኩ፣ አንዱን በነፃ ሰጠሁ፤ ሁለቱ አሁንም እናታቸው ሥር ናቸው። በነፃ የወሰደው ሰው ዘጌ ነው ያለው። ባለፈው ሄጄ ሳየው ቡችላው ክንድ በማይሞላ ሰንሰለት ታስሮ፣ የውኃ ጣሳው ደርቆ አገኘሁት። ማስመለስ እችላለሁ? ሌሊት ሄጄ ልፈታው ሁሉ አስቤያለሁ። ከገዙት አንዱ ደግሞ «በአምስተኛው ቀን ሞተብኝ፣ ብሬን መልሺ» ይለኛል። ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ግን ነገ ከእነዚህ አንዱ ሰው ቢነክስ በእኔ ይመጣ ይሆን የሚለው ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ከባዱ እሱ ነውና።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ውሻው ሳይታሰብ አምልጦ ቢወጣም፣ ጉዳቱ ይደርሳል ተብሎ ባይጠረጠርም ያው ነው። «የግቢዬን በር ዘግቼ ነበር»፣ «ከዚህ በፊት ማንንም ነክሶ አያውቅም» ማለት አያድንም። ቁጥር 2072 ደግሞ እንስሳውን ለራሱ ጥቅም የያዘ፣ የተዋሰ ወይም ሊጠብቅ የተረከበ ሰው በእጁ ሳለ ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን ይደነግጋል። እርስዎ ሸጠው ወይም ሰጥተው ካስረከቡ ባለቤቱ ተቀባዩ ነው፤ ንክሻውም የእሱ ዕዳ ነው። «ለጊዜው ያዝልኝ» ብለው ከሰጡ ግን አሁንም የውሻው ባለቤት እርስዎ ነዎት።

ጭቅጭቁ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ የንክሻ ጉዳይ ይዤ ነበር። ሰጪው «ሰጥቼዋለሁ» ይላል፤ ተቀባዩ «ለሁለት ሳምንት ነው ያቆየሁለት» ይላል። ግቢ ሲጠብቅ የሁለቱም የነበረው ውሻ፣ ልጅ ሲነክስ ባለቤት አጣ። የልጁ እናት የሕክምና ደረሰኞቿን በፌስታል ጠቅልላ ወራት ተመላለሰች። በመጨረሻ በሽማግሌ ወጪውን እኩል ተካፈሉ። በመካከላቸው የተፈረመች አንዲት ሉክ ወረቀት ብትኖር ኖሮ ያች እናት ያን ያህል ባልተንከራተተች ነበር፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሕግ ብቻ ተናግሬም አላልፍም። ውሻ ሰው ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፤ የባህል መድኃኒት እየሞከሩ ቀን ማሳለፍ ሕይወት ያስከፍላል። ውሻውንም ቸኩሎ ከመግደል አስሮ 10 ቀን መከታተል ይሻላል፤ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ለሐኪሙም ለተነከሰውም ትልቅ መረጃ ነው።

የሞተውን ቡችላ በተመለከተ፣ ሻጭ ተጠያቂ የሚሆነው ርክክብ ሲፈጸም በነበረ ጉድለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጣው የገዥው ነው። ስለዚህ ጥያቄው በሽታው ከማን ግቢ ተነሳ የሚለው ነው። ማስታወክና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከነበረው ፓርቮ የተባለው የውሾች የቫይረስ በሽታ ሊሆን ይችላል። ይህ በሽታ ብዙውን ጊዜ ከተያዘ ከ3 እስከ 7 ቀን ውስጥ ይታያል፤ ስለዚህ በአምስተኛው ቀን የሞተ ቡችላ ከእርስዎ ዘንድ ይዞት ሄዶ ሊሆን ይችላል። ገዥው የእንስሳት ሐኪም ማስረጃ ካለው ይጠይቁት። የቀሩትን ሁለቱንም ዛሬውኑ ያስመርምሩ፤ እነሱም ከታመሙ እኔ ብሆን ክርክር ሳልገባ ብሩን እመልሳለሁ። ታሞ እያወቁ ደብቀው ሸጠው ከሆነ ግን «እንዳለ ነው የሸጥኩት» የሚል ስምምነት እንኳ አይከላከልልዎትም።

ሳይከፋዎት አንድ ነገር ልናገር፤ አምስት ሳምንት ቶሎ ነው። ቡችላ ከእናቱ መለየት ያለበት ቢያንስ 8 ሳምንት ሲሞላው ነው። ንክሻውን መግታት የሚማረው ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ሲላፋ ነው፤ ጠንክሮ ሲነክስ ወንድሙ ይጮኽና ጨዋታውን ትቶት ይሄዳል። ይህን ሳይማር የወጣ ቡችላ የልጅ እጅ ላይ ነው የሚማረው።

የቀሩትን ሁለቱን ስምንት ሳምንት ሳይሞላቸው ለማንም አይስጡ። ሲሰጡ በሽያጭም ሆነ በነፃ በጽሑፍ ይሁን፤ በቁጥር 1727 መሠረት የጽሑፍ ውል በተዋዋዮቹና በሁለት ምስክሮች መፈረም አለበት። የቡችላውን ቀለምና ምልክት፣ የተረከበበትን ቀን፣ የወሰደውን የሆድ ትል መድኃኒትና ክትባት ይጻፉ። ቀጥሎ እንዲህ ይበል፦ «ተቀባዩ ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስከትባል፣ በየጊዜውም ያሳድሳል፤ በቂ ምግብ፣ ውኃና መጠለያ ይሰጣል፤ ማሳደግ ካልቻለ ለሌላ ሳይሰጥ ለሰጪዋ ይመልሳል።» ሕጉ ስጦታን ከግዴታ ጋር መስጠትን ይፈቅዳል፤ ግዴታው ካልተፈጸመም ስጦታው እንዲፈርስ መጠየቅ ይቻላል። ይህን ወረቀት ለመፈረም ያቅማማ ሰው ቡችላውን እንዴት ሊይዝ እንዳሰበ በዚያው ነግሮዎታል። እናቲቱንም ሐኪም ያማክሩና ያስመክኑ፤ እርግዝናዋ ሁለት ወር ገደማ ብቻ ነውና ዓመት ሳይሞላ ያው ጭንቀት ይመለሳል።

ወደ ዘጌው ልምጣ። ወረቀት የለም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1193 ደግሞ ግዙፍ ተንቀሳቃሽ ነገርን በእጁ ያደረገ ሰው ባለቤት ነው ብሎ ይገምታል። ስለዚህ በሌሊት ሄደው ቢፈቱት ሀዘንዎ ቢገባኝም ስርቆት ተብለው በወንጀል ሕጉ ቁጥር 665 ሊከሰሱ ይችላሉ፤ አያድርጉት። እንስሳን ማሠቃየት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ የደንብ መተላለፍ ስለሆነ ለፖሊስ ማመልከት ይችላሉ። እኔ ግን በቅድሚያ ሁለት የሚከበሩ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ይዘው በቀን እንዲሄዱ እመክራለሁ። ሰውየው ምናልባት ጨካኝ ሳይሆን ውሻ እንዲህ ካልታሰረ አይጠብቅም ብሎ ያመነ ሊሆን ይችላል። ረዘም ያለ ገመድና የማይገለበጥ የውኃ ዕቃ ይዘውለት ይሂዱ። «ካስቸገረህ ላሳደግህበት ከፍዬህ ልውሰደው» ይበሉት። እሺ ካለ እዚያው ሽማግሌዎቹ ፊት ይፈርምልዎት፤ እምቢ ካለም ከላይ የጻፍኩትን ግዴታ ያስፈርሙት። ከዚያ ወዲያ ቢያጠፋ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ወደ እኔ ሲመጡ የምንነሳበት ወረቀት ይኖረናል።